አንድ የሳር ጎጆ

አሥራ አንደኛ «ለ» ክፍል፣ ስድስተኛው ክፍለ ጊዜ፤
የሐዋሳ ሐይቅ ንፋስ፣ የጠመኔ ብናኝ፣ ትካዜ።
ጣሪያው ላይ አባ ኮዳ ይራመዳል፣ እንደ ሽማግሌ ዳኛ፤
ቆርቆሮው በኮቴው ሲንኳኳ ይነቃል የኋላው ተኛ።
ካርታውን ሰቀልኩት፣ ጠርዙ በፕላስተር የታሰረ፣
መሐሉ በስንት መምህር ጣት የተቦረቦረ።

«አገሩ ያኔ ጎረምሳ ነው» አልኩ፣ «ሃያ ሰባት ዓመት ቢሞላው።
አንድ ወደብ ሊገዛ ቢልክ ሻጩ ሙሉውን ሰጠው፤
ጦርነት ብር ይበላልና፣ ምራቂ አድርጎ ለወጠው።»
ጣቴን ከወንዙ አንስቼ እስከ ተራራው ጎተትኩት።
«በአንድ ፊርማ እጥፍ ሆኖ አደረ አገሩ፤
ፈራሚዎቹ ያላዩትን ተራራ በቀለም ተሻገሩ።»

ሒሳቡን ሠራሁላቸው፦ ለአንድ ኤከር ሦስት ሳንቲም ግድም።
ክፍሉ ሳቀ። የባለ ባጃጁ ልጅ፣ «ቲቸር፣ የታክሲ መልስ አይሆንም!»

ከሦስተኛው ረድፍ፣ በመስኮቱ በኩል፣ ላምሪቴ እጇን አወጣች፤
ዝምተኛ ናት፤ ጥያቄዋን ግን ከቤቷ ይዛ ነው የመጣች።
«ሻጩ ይኖርበት ነበር?»
«አይ፤ ባሕር ማዶ ነው ቤቱ።»
«የሚኖሩበትስ?»
«የሚኖሩበትማ . . .» አልኩ፣ «ስማቸው የለም በውሉ።»
ተደወለ። እግዜር ይስጠው የዚያን ቀን ደወሉ።

እኔም ገዝቻለሁ።
ባለፈው ክረምት፣ ከቱላ መንገድ ገባ ብሎ፣ ሁለት መቶ ካሬ፤
ብድሩን ለመምህራን ቁጠባ እከፍላለሁ እስከ ዛሬ።
ወጣት ቤት ነን፤ ሁለተኛው ልጅ ሆድ ውስጥ ሲገላበጥ፣
አከራያችን ኪራይ ሲጨምር፣ በሻንጣችን ላይ ሲያፈጥ፣
ምን ላድርግ? ሰው ይሰፋል፤ ልጅ ሲመጣ ግድግዳ ይጠባል።
ይህን ያላለ ሰፊ የለም፤ ሁሉም በልጁ ይምላል።

ደላላው ከፑል ቤት ጠራኝ፤ ሻጩ በመኪና መጣ፣
ከተማ የከረመ ሰውዬ፣ ጭቃውን ፈርቶ ያልወጣ።
በመስኮት ጣቱን ቀሰረ፦ «ከዚያ ባሕር ዛፍ እስከዚህ ቦይ።»
«እንሰቱስ?»
«የወንድሜ ሚስት ናት፤ ትለቃለች፤ ሰው አይደለች ወይ!»

ውሉ ላይ መሬት የሚል ቃል የለም፤ መሬት አይሸጥምና በሕግ፤
«አንድ የሳር ጎጆ ሸጥኩለት» ይላል፣ በምስክር፣ በወግ።
ጎጆ አልነበረም እዚያ። እንሰት ነበር፣ አርባ ግንድ፣
በመሐሉ የምታልፍ፣ ወደ ውሃ የምትወርድ መንገድ።
ሦስት ምስክር፣ ሰማያዊ ቀለም፣ የጣት አሻራ ጭምር፤
ያየሁት አልተጻፈ፤ የተጻፈው አልነበር።
አዋሳኝ፦ በምሥራቅ መንገድ፣ በደቡብ ቦይ፣ በምዕራብ የባሕር ዛፍ አጥር፣
በሰሜን «የሟች ሀመሶ ሚስት»። ስም የላትም። እሷም ድንበር።

ላምሪቴ ሀመሶ።
በየጠዋቱ ስሟን እጠራለሁ፤ «አቤት» ትላለች።
አንድ ዓመት ሙሉ ጠራኋት። አንድ ዓመት ሙሉ ታውቅ ኖራለች።

በፈተናው ጥያቄ አሥራ አራት፦ «የተከፈለው ዋጋ ስንት ነበር?»
ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ፤ አንዱ እውነት፣ ሦስቱ ለማደናገር።
የእሷ ወረቀት ንጹሕ ነው፤ ሁሉን መልሳለች አበጥራ፤
አሥራ አራተኛው ላይ ብቻ አላከበበችም ተራ በተራ
ካየቻቸው አንዱንም። ከጎኑ፣ በእርሳስ፣ በደቃቅ ፊደል፦
«ለማን?»

ዛሬ አመሻሹን ቦታዬ ሄድኩ። የችካሌ ቀለም ለቋል፤
ያስቆረጥኩት እንሰት ከሥሩ ስድስት ቡቃያ አውጥቷል።
አንድ ሰው ኮትኩቶታል፤ ማታ ይሁን ማለዳ እንጃ፤
ትኩስ እበት ከሥሩ፣ ከችካሌ ጋር የታሰረች ጥጃ።
ቀና ብላ አየችኝና ሳሯን ማመንዠክ ቀጠለች።

ወረቀቷ ቦርሳዬ ውስጥ ነው።
እስካሁን አላረምኩትም።