የመዳብ ሸረሪት

አራብሳ፣ ታኅሣሥ፣ ከሌሊቱ ስድስት፤
ነፋሱ ደረጃውን ይወጣል ይወርዳል፣ ቤቷ እንደጠፋባት ድመት።
መስታወት ያልገባለት የአራተኛ ፎቅ መስኮት
በማዳበሪያ ጆንያ ታፍኖ
ይነፋል ይጎድላል እንደ ሰው ደረት።
እኔ ከኩሽናው ሲሚንቶ ላይ ተቀምጬ፣
ፒንሳ ይዤ፣
ሽቦ ፊቴ በትኜ።

ሽቦው ከሥራ የተረፈ ነው፤ ከብሎክ መቶ ዘጠና ሦስት፣
ቆጣሪ ስናስገባ የተቆረጠ፣ የማንም ያልሆነ ቅሪት።
ፎርማኑ ኪሴን አየና ዝም አለኝ፤
ዝምታም ስጦታ ነው፣ እሱም ለበዓሉ ያን ሰጠኝ።
ላስቲኩን በምላጭ ልጬ ሳወጣው መዳቡን
ቀይ ነው፣ ፍም ይመስላል፤ ግን አያውቅም ማሞቁን።

ቆራሌው ትናንት ጆንያውን አውርዶ መዘነው በዓይኑ፤
«የግማሽ ዶሮ ነው ወንድሜ፤ ስጠኝ ሳይደርስ ቀኑ።»
ግማሽ ዶሮ!
የትኛው ግማሽ፣ አልኩት፣ የሚጮኸው?
ሳቀ፣ ሄደ፣ ደግሞ መጣ ዞሮ።
አልሸጥኩም።
«ለኤልዳና ኮከብ ልሠራ ነው» አልኩ፤
እናቷ ዓይኗን ከሽንኩርቱ አላነሳችም።

ልጄ ከመርካቶ የተገዛ ዛፍ አይታለች፣
ከጓደኛዋ ሳሎን፤ ሲበራ ሲጠፋ፣ ሲበራ ሲጠፋ ቆጥራለች፤
«አባዬ፣ የእነሱ ዛፍ ይተነፍሳል» ብላኛለች።
እኔ እንግዲህ የማውቀው ሽቦ ነው፤
መቁረጥ፣ መግጠም፣ ፌዙን ከኒውትራሉ መለየት ነው።
ኮከብ ስንት ጫፍ አለው? ወጥቼ ቀና አልኩ ወደ ሰማይ፤
ጫፍ ያለው የለም፣ ሁሉም ነጥብ ነው ከዚህ ሲታይ።
ተመለስኩ። አምስት ይሁን አልኩ፤
አንዱ ወለም አለብኝ፣ እሱን ላቃና ስድስተኛ ቀጠልኩ፤
ስድስተኛው ረዘመ፣ በሰባተኛ ደገፍኩ፤
ጣቴን ወጋኝ፣ ጠባሁት፣ ደሜ መዳብ መዳብ አለኝ፤
ስምንት ላይ ሽቦው አለቀና ገላገለኝ።
መሐሉ የለስላሳ ቆርኪ፣ በመዶሻ የጠፈጠፍኩት፣
ጀርባው ላይ «ኤ» ብዬ በሚስማር የጫርኩት።

ነጋ። ዋዜማ።
ሚክሰሩ እንኳ ዝም ባለበት ማለዳ
የበግ ድምፅ ከየረር በኩል ተሰማ።
ከትራሷ ሥር አወጣችው፣ አገላበጠችው፣
እንደ ሐኪም አየችው።
«ሸረሪት ነው?»
እናቷ ሳቋን በነጠላዋ ጫፍ አፈነችው።
«አዎ» አልኩ። ምን ልበል? ስምንት እግሩን ቆጠረችው።

ከሰዓት በኋላ ከሚስማሩ ላይ የለም።
አልጋ ሥር፣ በረንዳ፣ ደረጃ፤ የለም።
«ለጋሽ ደበላ ሰጠኋቸው» አለች፣ ጫማዋን እያየች፣
«ጥበቃ ቤታቸው ምንም የለም፤ ዶሮም፣ ልጅም» አለች፤
«ደግሞ ሸረሪት ያጠምዳል፣
እሳቸው ሲያንቀላፉ ሌባ ይይዝላቸዋል» አለች።

አልዋሽም፣ ቅር አለኝ።
የሌሊቱ ብርድ፣ የጣቴ ቁስል፣ የግማሽ ዶሮው ሂሳብ
ተሰልፎ መጣብኝ።
ልቆጣት አፌን ከፈትኩ።
ዘጋሁት። ፎርማኑን አስታወስኩ።

ማታ መብራት ጠፋ፣ እንደ ልማዱ፤
ደረጃው፣ ብሎኩ፣ አስፓልት ያልደረሰበት መንገዱ።
በጆንያው ቀዳዳ ቁልቁል ሳይ
ጋሽ ደበላ እሳት አንድደዋል፣ በሲሚንቶ ወረቀት፣ በአሮጌ ሳንቃ ላይ፤
ከቆርቆሮው ጫፍ፣ ከነበልባሉ በላይ
አንድ ነገር ይዞራል፤ ቀይ፣ ከዚያ ጥቁር፣ ከዚያ ቀይ።
እሳቸው ባርኔጣቸውን አውልቀው ያዩታል፤
ቤታቸው እንደገባ እንግዳ፣ ተቀመጥ ሊሉት ይመስላል።

ኤልዳና መጣች፣ ግንባሯን ከጆንያው አስጠግታ፣
«በርዶታል፣ እግሩ ይንቀጠቀጣል» አለች። ከዚያ ቆይታ፣
«አባዬ፣ ሽቦ ቀርቷል?»
አልቀረም።
ብሎክ መቶ ዘጠና አራት ግን
ቆጣሪ ገና አልገባለትም።