አትክፈቺው

አፉላ ሆስፒታል፣ ምድር ቤት፣ ከሥር፣
ሰባት ማሽን አለ ሌሊቱን የሚዞር።
አንሶላ እቀበላለሁ፣ እድፉን እለያለሁ፣
የነርሱን፣ የሐኪሙን ኪስ ገልብጬ አያለሁ፤
(አንድ እስክሪብቶ ካመለጠኝ ሰማንያ ነጭ ልብስ ሰማያዊ ይሆናል፣
አንዴ ሆኖም ያውቃል።)
በተረፈኝ ሰዓት ልቦለድ አስባለሁ።

አጎቴ እንዳላማው «ሱዳንን ጻፍ» ይላል፣
«ያየነው ሳይጻፍ ከኛ ጋር ይቀበራል።
በረሃውን ጻፍ፣ ጥሙን፣ ድንኳኑን፣
እኅቴን አፈር ያለበስንበትን ቀን።»
እውነቱን ነው። አደራ ነው። ሦስት ጊዜ ጀመርኩት፣
ሦስቴም ገጽ አስር ላይ ተውኩት።
መጨረሻውን ሳውቅ ምኑን ልፈልገው?
እስክሪብቶው የኔ ነው፣ እጁ ግን የሱ ነው።

ጋሊና ተኳሿ (ልብስ ነው የምትተኩሰው፣ ሌላ እንዳይመስላችሁ)
«ፍቅር ጻፍ» ትለኛለች፣
በካውያው እንፋሎት ውስጥ ዓይኗን እየጨፈነች፤
«ወታደር ይኑርበት፣ ሰርግ፣ የቀናች እኅት፣
ከአፉላ ባቡር ላይ ጀምረው ሃይፋ የሚጨርሱት።»
በሳምንት አርባ ገጽ። ጣቴ አልደከመም።
ያ ነው ያስፈራኝ፤ የትም ቦታ አላመመኝም።
እንደዚህ አገር የሱፍ ፍሬ፣ ትቆረጥማለህ፣ ትቆረጥማለህ፣
ሲመሽ እፍኝ ገለባ ይዘህ ትቀራለህ።

ሦስተኛው የራሴ፤ ብልጠት የበዛበት፤
አንድ ከተማ፣ ሰው ሁሉ ስሙን የረሳበት።
ለሰው ሳወራው አፍ ያስከፍታል፣
ብቻዬን ስጠራው ድምፁን ያጠፋል።
እንግዳ ፊት የሚጨፍር ልጅ አለ አይደል? እንዲያ ነው፤
ዕቃ ሊታጠብ ሲል ፈልጌ የማላገኘው።

ጥቅምት ላይ፣ ማክሰኞ፣ ከአንሶላ ተጠቅልሎ
ቡኒ ሹራብ መጣ፣ ክርኑ ቀዳዳ አብቅሎ።
ኪሱ ውስጥ ቁልፍ ነበር። ቁልፉ ላይ በክር የታሰረ ካርቶን።
ካርቶኑ ላይ በእርሳስ፣ በኛው ፊደል፦
«አትክፈቺው»

ስድስት ፊደል ብቻ። አምስተኛዋ «ቺ» ናት
ለሴት መጻፉን የነገረችኝ። ግን ማን ጻፈላት?
እናቷ? ባሏ? ወይስ እሷው ለራሷ?
የሳጥን ነው? የበር? የፍቅር? የበቀል? የካሳ?
ደግሞስ እንዳትከፍት ከሆነ
ቁልፉን ለምን ሰጧት?

አራተኛው ማሽን ጨርሶ አፏጨ። አልሰማሁም።
አንሶላው እንደረጠበ ነጋ። አለቃዬ ጮኸ። እሱንም አልሰማሁም።
እንዲህ ነው ያወቅኩት።

እሑድ ማታ ሴትዮዋ መጣች። ስድሳ ይሆናታል፤
በካልሲ ላይ ሰንደል ጫማ። «ሹራብ ጠፍቶብኛል፣
የባሌ ነው፤ ሦስተኛ ፎቅ ተኝቷል» አለች።
መዝገቡ ላይ «ፈንታነሽ» ብላ በዝግታ ፈረመች።
ኪሱን ዳሰሰች። አየችኝ።
«አንብበኸዋል?»
«አዎ።»
ከንፈሯ ተላቀቀ፣ ትከሻዋ ወረደ፤
ልትነግረኝ ነበር፤ አፌ ግን ቀደመ፣ ነጐደ፦
«አይንገሩኝ፣ እማማ!»
«ጉደኛ ልጅ ነህ» አለች። ሹራቡን አጥፋ አቀፈች፣
ቁልፉን እንደጨበጠች፣ ፊቷን ወደ ሊፍቱ መስታወት አዙራ ወጣች።

ሁለት ሳምንት ሆነው። አራት ገጽ ብቻ ጻፍኩ፣ ጣቴን ያመኛል።
ጋሊና ትስቃለች፣ አጎቴ ተቀይሟል።
ሐሳቡ ግን ልክ ነው፤ እንደ ጥርስ ሕመም ልክ ነው፤
የት ጋ እንደሆነ በጨለማም በምላሴ አገኘዋለሁ።
አንዳንዴ ብቻ፣ ሰባቱም ማሽን አንድ ላይ ሲቆሙ፣
ያ የተላቀቀ ከንፈር ይመጣብኛል።
ምናልባት ሰው ነበር የፈለገችው፣ አማርኛ የሚያነብ ሰው፣
ሠላሳ ዓመት ያፈነችውን ቁጭ ብሎ የሚሰማው።
እኔ ደግሞ በዚያች ደቂቃ
ጸሐፊ ሆኜ ተገኘሁ።

ትናንት ሦስተኛ ፎቅ ወጣሁ፣ ልጠይቃት ይሁን ይቅርታ ልላት ሳልለይ።
አልጋው ባዶ ነው። አንሶላው ተነሥቷል።
እኔው ጋ ወርዶ ኖሯል፣ ከሌላው ጋር ተቀላቅሎ።
የትኛው እንደሆነ አላወቅሁም፤
ሁሉንም አጠብኩ።