ደራርቦ መልበስ

ጦሳ ጉም ተከናንቦ፣ ደሴ ሳይነጋጋ፣
ከፍርድ ቤቱ አጥር ሥር ጃንጥላ ስዘረጋ፣
መዲና ቀድማኝ ቆማለች፣
ከኮምቦልቻ በሌሊት ሐረጎን ወጥታ መጥታለች።

«ልጄን፣ ሙሄን ወሰዱት ከፋብሪካው በር ላይ፣
ዛሬ ዘጠኝ ቀኑ ነው፣ ዳኛ ፊት ሳይታይ።
ምን አጠፋ ብላቸው ‹ይጣራል› አሉኝ፣
ስንቁን ተቀብለው ሰሃኑን መለሱልኝ።»

ታይፔ አርጅታለች፣ አንድ ፊደል ትዘላለች፣
«መብት» ብዬ ስመታ «መ ት» ብላ ታልፋለች።
እኔም በእስኪርቢቶ «ብ»ን እጨምራለሁ፣
ሃያ ሁለት ዓመት ይህቺን ክፍት ስሞላ አለሁ።

ታላቁን ሕገ መንግሥት ማን የማይጠራው አለ?
እንደ ሀብታም አጎት፣ አዲስ አበባ እንዳለ፣
ለሰርግ ስሙ የሚነሣ፣
ለቅሶ መድረስ የሚረሳ።
እኔ ግን ከኮቴ ኪስ ቀጭኗን መዘዝኳት፣
የክልላችንን፣
ጠርዟን አይጥ የቀመሳት፣ ጀርባዋን በፕላስተር የጠገንኳት።

አሊጋዝ፣ ገና ጀማሪው ጠበቃ፣ ሳቀብኝ፦
«ጋሼ፣ ያው ግልባጭ አይደል? ምን ትጨምራለች?» አለኝ።
«አንተ የደሴ ልጅ ሆነህ ብርዱን ትረሳለህ?
በሐምሌ፣ በአንድ ጋቢ፣ ሰኞ ገበያ ትወጣለህ?
ካፖርት ትደርባለህ እንጂ!
የአንዱ ቀዳዳ ከሌላው ቀዳዳ አይገጥምማ።
ደግሞ ያ ሙሄን ያሠረው የማለው በዚች ነው፣
‹ሩቅ አገር ሄደሽ ክሰሺ› የሚልበት አፍ የለው።»

መዲና ጣቷን አንቀጹ ላይ አሳረፈች።
ማንበብ አታውቅም።
«የሙሄ ስም አለበት?»
«ስሙስ የለም። ‹ማንኛውም ሰው› ነው የሚለው።»
ዝም አለች፣ ጉሙን እያየች።
«እንግዲያ ሙሄ ነዋ» አለች።

ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ዳኛው «ይቅረብ» ብለው ፈረሙ።
«ይቅረብ» ማለት ቀረበ ማለት እንዳይደለ አውቃለሁ፣
ስንቱ «ይቅረብ» በመሳቢያ ሲያረጅ አይቻለሁ።
እሷ ግን ወረቀቱን ደረቷ ውስጥ ሸጉጣ፣
ሐረጎን ቁልቁል ወረደች፣ በጉምና በሚኒባስ ተውጣ።

መሸ። ዕቃዬን ስሰበስብ የቀረልኝን ቅጂ ገለጥሁ፣
ሦስተኛው ገጽ ላይ አንዷን «መ ት» ሳልሞላት አገኘሁ።
ለዳኛው በሄደውም እንዲሁ ቀርታ ይሆን?
እስኪርቢቶዬን ሞከርኩ፣ ቀለሙ አልቆ ኖሯል።
አሊጋዝ ሳይስቅ
የራሱን አቀበለኝ።