የመዝገብ ያዡ እርሳስ

ሠላሳ አንድ ክረምት ከዚህች ጠረጴዛ
ነጥብ ስመዘግብ በእርሳስ ፈዛዛ፤
የሒሳብ መምህር ነኝ፣ ጡረታ የወጣሁ፣
«ቁጥር አይዋሽም» ስል ኖሬ የመጣሁ።

ዘንድሮ እርሳሴ አንድ መስመር ለምዷል፣
ዐሥራ ሁለት ቁጥርን ሲከተል ቁመቱ ወርዷል፤
ማሪት ሃልቮርሰን፣ የዓሣ አጥማጁ ልጅ፣
ኳስ ከእጇ ስትወጣ መረቡ እንደ ደጅ
ተከፍቶ ይጠብቃት ነበር።
የሌሎቹ መስመር እንደ ውጪው ሐይቅ ነው፣
ነጭ፣ ማንም ያልረገጠው።

ዛሬ እንግዶቹ ሁለት ሁለት ሆነው
እንደ ጥላ ያዟት፣ መተንፈሻ አሳጥተው፤
ከእረፍት በፊት ገና አራት ፋውል ሞልታ
ወንበር ላይ አረፈች፣ ፊቷ ላይ ፎጣ ዘርግታ።
አዳራሹ ጭጭ አለ።
ፈንዲሻ ሻጩ እንኳ ማንኪያውን አቆመ።

አሠልጣኟ ሳትጮህ
ወደ መቀመጫው ጫፍ ጣቷን ቀሰረች፦
«ዎይቺክ!»
ትሩዲ ዎይቺክ ተነሣች።
የጃኬቷ ዚፕ አልከፈት አለ፤
ሁለት ጓደኞቿ ከላይ እንደ ሽንኩርት ላጧት።
ዓመቱን ሙሉ ሥራዋ ፎጣ ማጠፍ፣ ውሃ ማደል፣
ሌላዋ ስታገባ ማጨብጨብ፤ አንድ ቀን እንኳ «በደል»
አላለችውም።
ከግራ ጥግ ለቀቀችው። ገባ።
ደገመች። ገባ።
ሦስተኛው የቀለበቱን ከንፈር ዞሮ ዞሮ፣
ፍርድ እንደከበደው ዳኛ ጥቂት አድሮ፣
ገባ።
እርሳሴ ስሟን ሲፈልግ ገጹ ላይ ተደናገረ፤
ከታች፣ ከመጨረሻው መስመር አገኛት።

ኦዴት ላፕራሪ ደግሞ፣ ከሁሉም አጭሯ፣
ከረጃጅሞቹ ክንድ ሥር ሹልክ ብላ ገብታ፣
ድመት ከማዕድ ቤት እንደምትወስደው፣ ኮሽ ሳይል፣
ስድስት ጊዜ ኳስ ቀማች።
በስድስተኛው የእንግዶቹ አሠልጣኝ
የገዛ ኮፍያውን ወረወረ።

ኪርስቲ ኦያላን ግን የት ልጻፋት?
ጉልበቷ በፋሻ የተጠቀለለውን፣
አንዴም ወደ ቀለበቱ ያልወረወረችውን?
ግዙፏ ስትንደረደር ፊት ለፊት ቆማ ደረቷን ሰጠች፤
ወደቀች፣ ተንሸራተተች፣
ከጠረጴዛዬ እግር ጋር ተላተመች፣
«ይቅርታ፣ መምህር» ብላ ተነሣች፤
ተመልሳም እዚያው ቆመች።
ለዚህ ዐምድ የለውም መዝገቡ።

ስድሳ አንድ ለሃምሳ ስምንት።
ጥሩንባው ጮኸ። የከተማው ሰው
በረዶ ከያዘው ቦት ጫማው ጋር ሜዳው ላይ ፈሰሰ።
ማሪት ፎጣዋን ጣለች፤
የውሃ ጠርሙስ ይዛ
ወደ ትሩዲ ሮጠች።

ዳኛው ሊፈርም መጣ፤ ገጹን አየና፦
«ዐሥራ ሁለት ቁጥር ሁለት ነጥብ ብቻ?
ተሳስተህ እንዳይሆን፣ ሽማግሌው» አለኝ።
«ቁጥር አይዋሽም» አልኩት።
ዞር ሲል ግን እርሳሴን ቀርጬ፣
ሕጉ በማይፈቅድበት፣ በኅዳጉ ላይ፣
ትንሽ አድርጌ ጻፍኩ፦
«ኦያላ፤ ቆመች።»