ጠብቆ፣ ላልቶ

ደሴ፤ ማኅበራዊ ዋስትና፤ ሁለተኛ ፎቅ፤ መስኮት ቁጥር አራት።
ጦሳ ጉም ለብሷል፤ መብራት እንደ ልማዱ የለም ከጠዋት።
ቅጹን ዘረጋሁት። ስም፦ ጦይባ ሙሄ። የትውልድ ቦታ፦ ኩታበር።
ዕድሜ?
«ያሻህን ጻፍ፣» አለች፣ «እሱን ስቆጥር አልነበር።»

አላወቀችኝም። ፀጉሬ ወደ ኋላ ሸሽቷል፣
ቦርጬ በር ላይ ቀድሞኝ ይገባል፤
በዚህ መልክ እኔን ማን ያውቃል?

ሙያ?
«ያላጠኑትን መናገር።»
እንዲህ ያለ ሙያ ዝርዝሩ ውስጥ የለም፤
ከአናጢ ቀጥሎ አዋላጅ ነው ያለው።
«አዋላጅ በለው፤ እሱ ይቀርበዋል።»

አገልግሎት የተጀመረበት?
«ወረኢሉ ብለህ ጀምር።»

ወረኢሉ፣ በዚያ ክፉ ቀን፣ የቀበሌ አዳራሽ፤
የኪነቱ ቡድን በጭነት መኪና፣ ከነከበሮው፣ ከነአቧራው።
ፊት ወንበር ላይ ጓድ ሊቀመንበሩ፤
ከኋላ ቆሞ ሕዝቡ፣ ልብሱ በላዩ የሰፋው።
ድርሰቱ በታይፕ ተመትቶ፣ ማኅተም አርፎበት፣
«ጎተራችን ሙሉ ነው» ይላል እሷ የምትገባበት።

አፏን ከፈተች። ሙሉ የሚለው ቃል አልወጣም።
(ረሳሁት አትልም፣ ዛሬም። አልረሳችውም።)
ባዶውን እንቅብ ደፍታ ተቀመጠችበት፤
ከየት እንደመጣ እሷም አታውቅም፣ እንዲህ አለችበት፦

      ምን ጠፍቶ በእኛ አገር፣ ምን ጎድሎ በእኛ ቤት፤
      የሚበላ ሞልቷል፣ ከጓዳ እስከ ሰገነት።

ሊቀመንበሩ አጥብቆ ሰማው፤ አጨበጨበ።
ሕዝቡ አላልቶ ሰማው፤ ዝም አለ።
ከኋላ አንዲት ሴትዮ ብቻ፣ በነጠላዋ ውስጥ፣ ሳቀች።
ጸሐፊው በቃለ ጉባኤ ላይ አሰፈረው፤ ሲጻፍ ያው አንድ ነው፤
ፊደል አይመሰክርም፣ መጥበቅ መላላት የአፍ ነው።

እኔ የደረስኩባት በሌላ ዘመን፣ ቧንቧ ውሃ ሰፈር፣
ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ፤
አሥራ አንድ ልጆች፣ አንድ ወንበር።
እግሩ ሦስት። አራተኛው ጡብ።

«ይሄ ምንድን ነው?» ትላለች።
ወንበር ያለ ይወጣል፤ አንኳኩቶ እንደ አዲስ ይገባል።
ከድር በግ ነው አለ፤ አረደው፤ ቆዳውን ሳይቀር ተካፈልን።
ብርቄ ባሌ ነው ብላ ስታመናጭቀው
የእህል ወረፋ የያዙት ሁሉ በመስኮት ገብተው ሳቁብን።
ተራው የእኔ ሆነ። ላብ አጠመቀኝ። ምንም አልመጣልኝ።
«ምንም ካልመጣ፣ ምንምን አሳየኝ።»

ተቀመጥኩ። ጡቡ ተንገዳገደ።
አባቴን ጠበቅኩት፤
ከአሰብ መንገድ ያልተመለሰ ሾፌር ነበር።
ማንም አልሳቀም። ወፍጮው ብቻ ያገሳል።
«እሺ፣» አለች።
በሕይወቴ ያገኘሁት ትልቁ ውጤት እሱ ነው። እሺ።

ከዚያ ወዲያ ተማርኩ፤ ተቀጠርኩ፤ ማኅተም ጨበጥኩ፤
ያላጠኑትን መናገር ግን ተውኩ።

ማስረጃ?
«ፎቶ አለዎት? ካሴት? የቅጥር ደብዳቤ?»
«በዚያው ምሽት ያልቅ ነበር፣ ልጄ።
ትኩሱን ነው የወሰዱት፤ ለመዝገብ ምን ይተርፋል?»
አለቃዬ ያለ ማስረጃ ፋይል አይከፈት ብሏል፤
ወረፋው ደረጃውን አልፎ ግቢው ደርሷል።
አንዱ ከኋላ ጉሮሮውን ይጠርጋል።

ከዘራዋን አነሳች። ልትሄድ ነው።
የተነሳችበትን ወንበር ዞር ብላ አየችው፣
በመዳፏ መታ መታ አደረገችው፤
«ይሄኛው ጡብ የለውም፣» አለች።

ጉሮሮዬ ተዘጋ።
ብዕሬን አነሳሁ፤ ሳላጠና፣
ማስረጃ ከሚለው ፊት ለፊት አንዲት ቃል ጻፍኩ፦

      አለች።

ማኅተሙን መታሁበት።
አጥብቆም፣ አላልቶም፣
አለቃዬ እንዳሻው ያንብበው።