ባለቤት

ፖስታ ቤት ጀርባ፣ ሁለተኛ ፎቅ፣ ደረጃው ጠባብ፣ ሰሌዳው ያዘመመ፣
«ማመልከቻ፣ ውል፣ ውክልና ይጻፋል» ይላል፤ ቀለሙ የደከመ።
አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ በሰው ስም አቤት ብያለሁ፣
ግብር ለተጫነበት፣ መብራት ለተቆረጠበት፣ ቁልፍ መትቻለሁ፣
ለራሴ ግን አንዲት መስመር
ጽፌ አላውቅም ነበር።

ሰኞ ጠዋት ኮምፒውተሩን ስከፍት፣
ሌላ ሰው ሆኖ ጠበቀኝ፣ ፊቱን ታጥቦ፣ ባዲስ ውበት።
ሌሊቱን ሙሉ አፕዴት ሲያወርድ አድሮ
የወሩን ጥቅል በልቶት ነበር፣ እንጥፍጣፊውን እንኳ መንጥሮ።
«እንኳን ደህና መጡ» አለኝ። እኔም ሞኙ ደስ ብሎኝ ሃርድ ዲስኩን ሰካሁ፤
እንደ ዘወትሩ ሰኞ መጠባበቂያ ልቀዳ፣ ሻዬን አዝዤ ተቀመጥኩ።

ዘጠኝ በመቶ። አሥራ ዘጠኝ። አርባ አንድ ላይ ቆመ፤
«ፈቃድ የለዎትም።» አንዴ አይደለም፣ ደጋገመ።
የ«ውርስ» ፎልደር፣ ፈቃድ የለዎትም።
የ«ኪራይ»፣ የለዎትም።
«የመሬት ክርክር፣ ሁለት ሺህ አሥር»፣ የለዎትም፣ የለዎትም።
«እኔ ነኝ የጻፍኩት!» ብዬ ጮኽኩበት፤ መስኮቱ ግን መስኮት ነው፣
እንደ ወረዳው መስኮት፣ የሰማውን እንዳልሰማ የሚያልፈው።

አጥፍቼ አበራሁ። ገመዱን ነቅዬ፣ እፍ እፍ ብዬ ሰካሁ።
(እኛ ዘንድ እፍ ያልተባለ ነገር አይሠራም።)
በመጨረሻ ከታች፣ ከስልክ ጥገናው፣ ሰዓዳን ጠራሁ።
ጣቶቿ ላይ የብየዳ ሽታ፣ ከሻሿ ሥር እስክሪብቶ፤
ቀኝ ጠቅ፣ ባሕርያት፣ ደኅንነት፣
እንደ ምድር ቤት ደረጃ ወደ ውስጥ ወረደች።
«አልተበላሸም» አለች። «ሥራውን ነው የሚሠራው።
አዲሱ አንተን አያውቅህም፤ የድሮውን መዝገብ ነው የሚያከብረው።
ባለቤቱ ሌላ ሰው ነው።»
«ማነው?»
ጣቷን ስክሪኑ ላይ አሳረፈች።
ባለቤት፦ ትርንጎ።

ባለቤት።
ይቺ ቃል ሰዋስው ላይ ድርጊት ፈጻሚ ናት፤
ውል ላይ ስጽፋት ቤትና ካርታ፣ ለእንግዳ ሳስተዋውቃት ሚስት ናት።
ሰባት ዓመት እዚህ ጎኔ፣ እኔ ስናገር እሷ ስትጽፍ፣
ስሕተቴን ሳትነግረኝ አርማ ስታልፍ።
ኮምፒውተሩም የተከፈተው በሷ ስም ነበር።
የፍቺውን ማመልከቻ ራሷ ናት የመታችው፤
አንዲት የፊደል ግድፈት የለበትም።
ልደታ፣ ሃያ ደቂቃ አልፈጀም። ፍሪጁ ለሷ፣ ማሽኑ ለኔ ተባለ፤
ዳኛው ዕቃውን እንጂ በውስጡ ያደረውን ስም አላካፈለ።

«ልቀይረው?» አለች ሰዓዳ። «ሁለት ደቂቃ ነው፤ ያንተን አስገባለሁ፣
እስከ ታችኛው ፋይል ይወርዳል፤ የሷን እሰርዘዋለሁ።»
ከውጭ፣ በቸርችል ቁልቁለት፣ ረዳቱ «ለገሃር! ለገሃር!» ይላል።
ሻዬ ቀዝቅዟል።
«ባለቤትነቱን ቀይሪው» አልኳት፤ «ስሟን ግን አትሰርዢ።»
«እና ምን ላድርጋት?»
ለደንበኛ እንደማስበው አሰብኩ።
«መጻፍ ይቅርባት። ማጥፋትም። ማንበብ ብቻ ተዪላት።»
ቀና ብላ አየችኝ። ከዚያ ምልክቶቹን አንድ በአንድ አነሳች፤
አንዷን ብቻ እንዳለች ተወች።

አርባ አንድ አለፈ። አርባ ሁለት። ስድሳ።
ውርሱ፣ ኪራዩ፣ የመሬቱ ክርክር፣ ተሰልፈው አለፉ።
መቶ ሲሞላ ሰዓዳ የለችም፤ «ሻይ ትጋብዘኛለህ» ብላ ወርዳለች።
ሃርድ ዲስኩን መሳቢያ ውስጥ ቆለፍኩ።
ደረጃው ላይ ኮቴ ይሰማል፤ ከባድ፣ ፎቁን ሳይሆን እምቢታን የወጣ ሰው ኮቴ፤
አውቀዋለሁ።
«ግቡ» አልኩ። ባዶ ገጽ ከፈትኩ።
«በማን ስም ይሁን?»