አሥራ ሁለት

ነሐሴ ነው። ማናማ ላይ ባሕሩ ራሱ ያልበዋል፤
ሸሚዜ ገና ከመኪና ሳልወርድ ከጀርባዬ ተጣብቋል።
ጁፈይር፣ ከሆቴሉ ምድር ቤት፣ ከእንግዳ ዓይን ርቆ፣
ቆሟል የወይን ማቀዝቀዣ፣ መቶ አርባ ጠርሙስ ደብቆ።

በሩ ላይ በሰማያዊ ብርሃን "አሥራ ሁለት" ይላል።
ትናንትም አሥራ ሁለት ብሏል።
ትናንት ማታ ግን አንድ እንግዳ ቀምሶ መለሰ ብርጭቆውን፦
"ወይን ነው ያዘዝሁት፤ ማን አመጣ ሾርባውን?"

ራጃን፣ የኬረላው ፎርማናችን፣ በስልክ ፈርዶ ጨርሷል፦
"ጋዝ ነው። ሙላና ቶሎ ና፤ ሌላ ሦስት ቤት ይጠብቅሃል።"
የራጃን መድኃኒት ጋዝ ነው፤ ለራስ ምታትም ያዝዘዋል።

እኔ ወይን ቀምሼ አላውቅም። ኮምቦልቻ ያደግሁበት ቤት
ሽታው እንኳ አልፎ አያውቅም። እናቴ ስትደውል በሥራ ሰዓት
"ዛሬስ ምን ላይ ነህ?" ትላለች። "ፍሪጅ ላይ" እላታለሁ።
ፍሪጅ ነው፤ አልዋሸሁም፤ የሆዱን በሆዴ ይዣለሁ።

ጆሮዬን ከጎኑ ለጠፍሁ፤ ኮምፕረሰሩ ጸጥ ብሏል፤
አልሞተም፣ ተኝቷል እንጂ፤ የሚቀሰቅሰው አጥቷል።
የራሴን ቴርሞሜትር ከጠርሙሶቹ መሐል ሸጎጥሁ፤
ሃያ ሦስት።
በሁለት ቁጥር መሐል ቆምሁ።

የኋላ ክዳኑን ፈታሁ፤ ስምንት ብሎን፣ አንዱ ዝጓል።
ሴንሰሩን ስቤ አወጣሁት፤ ከምስር ፍሬ ጥቂት ይበልጣል።
በረዶ ከላይ አስመጥቼ፣ በሻይ ብርጭቆ ከውኃ ደባልቄ
ነከርሁት፤ በሜትሬ ሁለቱን ሽቦ ነካሁ ተጠንቅቄ።

ወደ ሠላሳ ሁለት ሺህ ኦም መውጣት ነበረበት ሲበርደው፤
አሥራ ስምንት ሺህ ላይ ቆመ፤ በረዶው ምንም አልመሰለው።
አውጥቼ በመዳፌ ጨበጥሁት፤ እፍ እፍ አልሁበት፤
ያው አሥራ ስምንት ሺህ። ለእሱ ሁሉም አሥራ ሁለት።

ውሸታምስ ይቀያይራል። ይሄ የአንድ ቀን እውነት ሸምድዶ፣
እሷኑ ሲደግም ኖሯል፤ ቀኑ እሱን ጥሎ ሄዶ።

"ሞቋል ብያቸው ነበር እኮ።"
ትርንጎ ናት፣ የመርሳ ልጅ፣ ባልዲዋን በክንዷ አንጠልጥላ፤
ጠርሙሶቹን በየጠዋቱ የምትወለውል አንድ ባንድ አባብላ።
"ሦስት ሳምንቱ። በባዶ እጄ አይደል የምይዛቸው?
ድሮ ጣቴን ያደነዝዙ ነበር፤ አሁን የሕፃን ገላ ናቸው።
'ሐር፣ ሐር' አልሁ በምችለው ዐረብኛ፤ በእነሱ ትኩስ ነው፣
በእኛ ቢሆን የሚለበስ። በሩን ጠቆሙኝ፣ ቁጥሩን እንዳየው።"

የሽቦው ማያያዣ በባሕር እርጥበት አረንጓዴ ዝጓል።
ቆርጬ ጣልሁት። አዲሱ ሁለት ዲናር ከግማሽ ያወጣል።
በየድሁ፤ መልሼ ሰካሁ።
ቁጥሩ ዘለለ፦ ሃያ ሦስት።
ኮምፕረሰሩ አጉረመረመ፣
በሌሊት እንደቀሰቀሱት ሽማግሌ።

ኤልያስ፣ የባሩ ኀላፊ፣ የቤይሩት ሰው፣ እየሮጠ ወረደ፦
"አሥራ ሁለት ነበር! ምን አደረግኸው? አበላሸኸው!" ብሎ ነደደ።
ትርንጎ ወደ ባልዲዋ ጎንበስ አለች፤
የሳቀች መሰለኝ።

እስከ መግሪብ ጠበቅሁ። ሃያ አንድ። አሥራ ሰባት። አሥራ አራት።
በሩ አሥራ ሁለት ሲል፣ ቴርሞሜትሬን ከሣጥኑ ሳላወጣት
"እስቲ አንቺ ንኪው" አልኋት።
አንዱን በአንገቱ ያዘችው፤ ቆየች፤
"አሁን ደነዘዘኝ" አለች።

ቅጹን ሞላሁ። የተቀየረ ዕቃ፦ ሴንሰር፣ አንድ።
"ችግሩ በምን ታወቀ?" ከሚለው ፊት ጻፍሁ፦ ትርንጎ።

ማታ ራጃን ደወለ፤ ወረቀቱን በእጁ ይዟል፦
"ይሄ ትርንጎ የሚሉት መሣሪያ የማን ሥሪት ነው? ስንት ይሸጣል?"